በትንሽ ክሩዘር ሀይዌይ መውጣት፦ ክንድ ሳይዝል፣ ጆሮ ሳይጮህ

የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ፣ እንደ ሆንዳ ሬብል 300 ወይም ያማሃ ቪ ስታር 250 ያለች ትንሽ ክሩዘር (መቀመጫዋ ዝቅ ያለ፣ ቀጥ ተብሎ የሚነዳባት ሞተር ሳይክል) ገዝቶ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር የከረመ ሰው አንድ ቅዳሜ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች መውጣት ያምረዋል። ከአርሊንግተን በአይ-66 ሀይዌይ ተነስቶ ፍሮንት ሮያል ሲደርስ ክንዱ ዝሏል፣ ጆሮው ይጮኻል፣ ከወገቡ በታች ደንዝዟል። «ይቺ ነገር ለሀይዌይ አልተሠራችም» ይላል። ማታ ቤቱ ገብቶ የትልልቅ ሞተር ሳይክሎችን ዋጋ ማየት ይጀምራል።

ከመሸጡ በፊት ይህን ያንብብ። እንዲህ የሚያደክመው አብዛኛውን ጊዜ ንፋሱ እንጂ ሞተሩ አይደለም። ትንሿ ክሩዘር ከምትታማው በላይ ትችላለች። ፍጥነታችሁን ከመረጣችሁ፣ ንፋሱን ካስተካከላችሁና ሰውነታችሁን ካላላችሁ በሰዓት 65 ማይል (105 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሄዳችሁ ስትወርዱ እንደ ሰው ትራመዳላችሁ።

1. ፍጥነታችሁን ምረጡ

ሬብል 300 በ2017 የወጣች፣ 286 ሲሲ (የሞተሩ መጠን ነው)፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በውሃ የምትቀዘቅዝ፣ ባለ 6 ማርሽ ናት። ቪ ስታር 250 ደግሞ 249 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ባለ 5 ማርሽ ናት፤ የድሮዋ ቪራጎ 250 ስሟ ተቀይሮ ነው። በ1985 የወጣችውና እስከ 2016 የቆየችው፣ ስንቱ ሰው ኮርሱን የወሰደባት ሬብል 250 ደግሞ 234 ሲሲ ብቻ ናት። ሦስቱም 70 ማይል ይገባሉ። ግን 70 መግባት ሌላ፣ 70 ላይ መዋል ሌላ።

ነገሩ አየር ነው። አየር የሚገፋችሁ ኃይል በፍጥነታችሁ ካሬ ነው የሚያድገው። ያንን አየር ለመሰንጠቅ ሞተሩ የሚያወጣው ጉልበት ደግሞ በኪዩብ። ከ55 ወደ 70 ማይል ስትወጡ ደረታችሁ ላይ የሚያርፈው ግፊት 60 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የሚያስፈልገው ጉልበት ግን እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ሞተር ይሄ አይታወቀውም። ትንሹ ግን ያለውን ሁሉ እዚያው ይጨርስና ለዳገትና ለመቅደም የሚተርፈው ያጣል።

ስለዚህ ቤታችሁ ከ60 እስከ 65 ይሁን። 70 ለመቅደም ብቻ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከከተማ ራቅ ያሉ ሀይዌዮች ላይ የፍጥነት ወሰኑ 70 ይደርሳል፤ ቢሆንም በቀኙ መስመር 65 የሚሄድ ሰው ማንንም አያስቸግርም። የጭነት መኪኖቹም እዚያው ናቸው። ደግሞ በዚያው በቨርጂኒያ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም፣ የወንጀል ክስ ነው። ትንሽ ክሩዘር ከዚያ ጣጣ ነጻ ታወጣለች።

ብዙዎችን የሚያስፈራው የሞተሩ ጩኸት ነው። መኪና ለለመደ ጆሮ ትንሽ ሞተር በ65 ሲጮህ ሊፈነዳ ይመስላል። አይፈነዳም፤ በከፍተኛ ዙር፣ ማለትም በፍጥነት እየዞረ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተሠራው። የሚጎዳው ተቃራኒው ነው፦ በመጨረሻው ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ እየተንገጫገጨ ዳገት መግፋት። አንድ ነገር ብቻ፦ አዲስ ከሆነች መጀመሪያ ትለማመድ። ሆንዳ በመጀመሪያዎቹ 300 ማይል ጋዝ እስከ ጥግ እንዳይሰጥ ይመክራል። እስከዚያ ሀይዌዩን ተዉት።

2. ከመውጣታችሁ በፊት እዩዋት

ጎማ። ንፋሱን የምትለኩት ጠዋት፣ ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ነው። ትክክለኛው መጠን ሞተር ሳይክሏ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ወይም በመመሪያው መጽሐፍ ላይ አለ፤ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው ነው፣ እሱን አትሙሉ። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋረንሃይት በወረደ ቁጥር የጎማው ግፊት 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ያህል ይወርዳል። መስከረም ላይ የሞላችሁት ኅዳር ላይ ጎድሏል ማለት ነው። የጎደለ ጎማ በከተማ አይታወቅም፤ በ65 ግን ሞተር ሳይክሏን ያዋልላታል፣ ጎማውንም ያግለዋል።

ካቴና። ከታች በኩል መሃሉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ገፋ አድርጉት። ምን ያህል መላላት እንዳለበት መመሪያው ላይ በቁጥር አለ። የደረቀና የላላ ካቴና ጋዝ በሰጣችሁና በለቀቃችሁ ቁጥር ይጎትታል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ግን ሞተሩን ያማል። በየ500 ማይሉና ዝናብ በመታው ቁጥር ቀቡት።

ዘይት ቀጥ አድርጋችሁ አቁማችሁ እዩ። በአየር የሚቀዘቅዙት ረጅም መንገድ በከፍተኛ ዙር ሲሄዱ ዘይት ሊቀንሱ ይችላሉ፤ የያዙትም ትንሽ ነው። በመጨረሻ የመሪውን፣ የስፖኪዮውንና የእግር መርገጫውን ብሎኖች በቁልፍ ነካ ነካ አድርጉ። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ብሎን ያላላል።

3. አቀማመጣችሁን ቀይሩ

ክሩዘር ላይ ሰው ቀጥ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ደረቱን ሰጥቶ ይቀመጣል። በ40 ማይል ያምርበታል። በ65 ግን ገመድ ላይ እንደተሰጣ አንሶላ ንፋሱን በሙሉ ይቀበላል። ንፋሱ ወደ ኋላ ሲገፋው ላለመሄድ መሪውን አንቆ ይይዛል። ክንድ የሚዝለውና ትከሻ የሚታሰረው እዚህ ላይ ነው። አንቆ የያዘ እጅ ደግሞ እያንዳንዱን የሰውነት መወዛወዝ ለመሪው ያስተላልፋል። ሰውየው «ሞተሯ ትንቀጠቀጣለች» ይላል፤ የሚያንቀጠቅጣት ግን ራሱ ነው።

እንዲህ አድርጉ። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ገፍታችሁ ከወገባችሁ ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሉ፤ ጀርባ አይጉበጥ። ንፋሱ ሲገፋችሁ ሚዛናችሁ እሱ ላይ ይደገፋል፣ እጃችሁ ያርፋል። ጉልበታችሁን ታንከሩ ላይ ያዝ አድርጉ። ሬብል ላይ የእግር መርገጫው ከጉልበት ብዙ ስለማይርቅ ይሄ ቀላል ነው። መርገጫው ወደ ፊት የወጣ ክሩዘር ላይ ግን እግር ምንም አይረዳም፤ ሁሉም ነገር ወገብ ላይ ይወድቃል። ለእሱ ጥሩው መላ የልብስ ቦርሳ ነው፦ ጠቅልላችሁ ከኋላችሁ፣ የተሳፋሪው ወንበር ላይ፣ ወገባችሁን እንዲነካ አጥብቃችሁ እሰሩት። ብዙ ብር የሚጠየቅበትን መደገፊያ ይተካል።

መፈተኛው ይሄው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ክርናችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። መሪው ዝም ካለ እጃችሁ ልል ነው። አብሮ ከተወዛወዘ አንቃችኋል። በየአሥር ደቂቃው ይህን ማድረግ ልማድ ይሁንባችሁ።

ጃኬትም አቀማመጥ ነው። ሰፊ ጃኬት በሀይዌይ ይነፋል፣ ሰውን ወደ ኋላ ይጎትታል። በልኩ የተሠራ ልበሱ፤ አንገቱንና እጅጌውን ዝጉ።

4. ንፋሱን አስተካክሉ

ሰው ሁሉ ቸኩሎ የሚገዛው የንፋስ መከላከያ መስታወት ነው። ትክክል ነው፣ ግን ትልቁን አይደለም። እንደ ፖሊስ ሞተር ሳይክል ሰፊ መስታወት ትንሽ ሞተር ላይ ሲገጠም ሁለት ዕዳ ያመጣል፦ አየሩን ራሱ ስለሚገፋ ከፍጥነታችሁ ይቀንሳል፣ የጎን ንፋስ ሲመጣ ደግሞ መሪውን ይዞት ይሄዳል። የምትፈልጉት ደረታችሁን የሚከላከል፣ ጭንቅላታችሁን ግን ንጹሕ አየር ውስጥ የሚተው መካከለኛውን ነው። አሳንሱ እንጂ አታስረዝሙ።

በጣም የሚያደክመው ንፋስ ጠንካራው አይደለም፤ የተበጠበጠው ነው። የመስታወቱ ጫፍ ላይ አየሩ ይሰበርና እየተሽከረከረ ይወጣል። ያ ሽክርክሪት አገጭና ግንባር ላይ ሲያርፍ ሄልሜቱን ይደበድባል፣ ዓይን ያንቀጠቅጣል፣ በግማሽ ሰዓት ራስ ያሳምማል። ያለ መስታወት የሚሄድ ሰው ከዚህ ይሻላል።

የት ላይ እንደሚያርፍ እንዲህ ታውቃላችሁ። መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ፣ በ55 ማይል ገደማ፣ ግራ እጃችሁን ከመስታወቱ ጫፍ በላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አንሡ። መጀመሪያ እጃችሁ ዝም ያለ አየር ውስጥ ነው። ጥቂት ከፍ ሲል መዳፋችሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሽክርክሪቱ እሱ ነው። ከዚያ በላይ እኩል የሚገፋ ጠንካራ አየር ታገኛላችሁ። የሚንቀጠቀጠው ቦታ ከሄልሜታችሁ ፊት ለፊት ከሆነ መስታወቱን ዝቅ አድርጉት ወይም ዘንበሉን ለውጡ። ትከሻችሁ ላይ ወርዶ ካረፈ ጨርሳችኋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ያንኑ መንገድ ደግማችሁ ሂዱ። ቁመትና ዘንበል አንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

ከመስታወቱ ጫፍ በላይ መንገዱን ማየት አለባችሁ። በመስታወቱ ውስጥ የሚያይ ሰው ዝናብና የትንኝ ሬሳ ሲሸፍነው ዓይኑ ተዘጋ ማለት ነው።

5. ጆሮ

ይሄ አጭር ነው፣ ግን እንዳትዘሉት። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለስምንት ሰዓት የሚመክረው የድምፅ ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚመከረው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በሀይዌይ ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ጩኸት ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ሙሉ ሄልሜት እንኳ ብቻውን አያድንም።

መድኃኒቱ ከፋርማሲ የሚገዛ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ነው። በጣት አሽታችሁ አቅጥኑት፤ በተቃራኒው እጅ ከጭንቅላት በላይ ዞራችሁ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፤ አስገብታችሁ እስኪያብጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ያዙት። የራሳችሁ ድምፅ ጉሮሯችሁ ውስጥ ሲሰማችሁ በትክክል ገብቷል። ጥሩንባም አምቡላንስም ይሰማል፤ የሚጠፋው የንፋሱ ጫጫታ ነው። ብዙ ሰው የንፋሱን ጩኸት የሞተር ጭንቀት አድርጎ ስለሚሰማው፣ ጆሮውን ሲደፍን «ሞተሯ ተሻላት» ይላል። አንዳንድ ስቴት ስለ ጆሮ መሸፈን ሕግ ስላለው የየስቴታችሁን እዩ።

6. እጅና መቀመጫ

ጣት የሚደነዝዘው ከንዝረት ነው። መያዣው ላይ የሚጠለቅ ስፖንጅ ወይም ወፈር ያለ መያዣ፣ መሪው ጫፍ ላይ የሚገጠም ክብደት፣ መዳፉ ላይ ጄል ያለው ጓንት፤ ሦስቱም ይረዳሉ። ከሁሉም በፊት ግን ፍጥነታችሁን በሁለት ሦስት ማይል ቀይሩና እዩ። እያንዳንዱ ሞተር በጣም የሚነዝርበት ዙር አለው፤ 63 ላይ እጅ የሚያሳክክ 61 ላይ ዝም ሊል ይችላል።

መቀመጫውን አታስለውጡ፤ ገና ነው። የበግ ለምድ ወይም በአየር የሚሞላ ትራስ ጣል አድርጉበት። በአየር የሚሞላውን ሰው ሁሉ አብዝቶ ይነፋዋል፤ ልክ ሲሆን ተቀምጣችሁበት የለ እስኪመስል ድረስ የላላ ነው።

7. መግቢያው ላይ አትለሳለሱ

አደጋው ያለው እዚህ ነው። በዝግታ ወደ ሀይዌይ የሚገባ ትንሽ ሞተር ሳይክል ከኋላው 70 የሚመጣ መኪና ያገኘዋል። የመግቢያው ኩርባ ላይ በ3ኛ ማርሽ ሁኑ። ቀጥ ሲልላችሁ ጋዙን ሙሉ ለሙሉ ክፈቱ፣ 4ኛ፣ 5ኛ፤ ሞተሩ ሲጮህ አትዘኑለት። ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ከዚያ አንገት አዙሮ ማየት። 60 ሞልታችሁ ክፍተት ውስጥ ግቡ። 6 ማርሽ ካላት፣ 6ኛውን ከገባችሁ በኋላ ታስገባላችሁ። ከፊታችሁ ያለው መኪና ቀርፋፋ ከሆነ ኩርባው ላይ እያላችሁ ርቀት ስጡት፣ ለማፋጠን ቦታ ይኖራችኋል።

8. የጭነት መኪናና የጎን ንፋስ

ትልቅ የጭነት መኪና ሲቀድማችሁ አፍንጫው የሚገፋው አየር መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋችኋል፣ ጭራው ሲያልፍ ደግሞ ወደ መኪናው ይስባችኋል። ሁለቱም ለሰከንድ ነው። መድኃኒቱ ልል እጅ ነው፤ ሞተር ሳይክሏ ራሷ ትመለሳለች። ሲመጣ በስፖኪዮ ካያችሁት ከመስመራችሁ ውስጥ ራቅ ያለውን ጎን ያዙ። ከኋላው ተጠግታችሁ ንፋስ ልጋረድ ማለት ግን ይቅርባችሁ፤ እዚያ ያለው አየር በጣም የተበጠበጠው ነው፣ ሾፌሩም አያያችሁም። የእሱን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁ እሱ እናንተን አያይም።

በጎን ንፋስ የጭነት መኪና ስትቀድሙ ተዘጋጁ። ጎኑ ስትገቡ ንፋሱ በድንገት ይጠፋል። ፊቱን ስታልፉ በድንገት ተመልሶ ይመታችኋል።

ወደ ኦሽን ሲቲ በመንገድ ቁጥር 50 የሚሄድ ሰው የቼሳፒክ ቤይ ድልድይን ያውቀዋል። 4.3 ማይል ርዝመት አለው፤ ከፍ ያለበት ቦታ ከውሃው 186 ጫማ ይርቃል፣ መከላከያ ዛፍም ተራራም የለም። መሃሉ ላይ ንፋስ ሲመታችሁ ወደ መጣበት ጎን ያለውን መያዣ ወደ ፊት በቀስታ ገፋ አድርጉ፤ ሞተር ሳይክሏ ወደ ንፋሱ ታዘነብላለች። ዓይናችሁ ሩቅ ይሁን፣ ውሃውን አትመልከቱ። የንፋስ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ቡና ጠጡና ጠብቁ፤ ድልድዩ የትም አይሄድም።

9. ዳገት፣ መቅደም፣ ነዳጅ

ዳገት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ፣ ፍጥነት ከጠፋ በኋላ አይደለም። በአይ-64 አፍተን ተራራን ወይም በአይ-68 ሳይድሊንግ ሂልን ስትወጡ 55 ላይ ብትወርዱ ነውር የለውም፤ ቀኝ መስመር ያዙ። መቅደም ከፈለጋችሁ ቁልቁለት ጠብቁ። በሜዳ ላይ ከሆነ አንድ ማርሽ ቀንሳችሁ፣ ከኋላው ርቀት ይዛችሁ ፍጥነት ገንቡ፣ ከዚያ ውጡ።

የሬብል ታንከር 3 ጋሎን ገደማ ነው፣ የቪ ስታር 2.5። ጋዙ ሲከፈት በከተማ የለመዳችሁት የነዳጅ ቁጠባ ይወርዳል፤ ንፋሱ ከፊት ለፊት ሲሆን ይበልጥ። በየ60 ወይም 70 ማይሉ መቆም ለታንከሩም ለወገብም ይስማማል። ውረዱ፣ ሄልሜት አውልቁ፣ ውሃ ጠጡ። ውሃ የጠማው ሰው ድካሙን ከሞተር ሳይክሏ ያያል።

10. ጥርስ መቀየር

ጓደኞቻችሁ ይህን መጀመሪያ ይመክሯችኋል፤ እኔ መጨረሻ አደረግሁት። ባለ 5 ማርሽ ሞተር ሳይክል ላይ ካቴናውን የሚያዞረውን የፊተኛውን ጥርስ ለምሳሌ ከባለ 14 ወደ ባለ 15 መቀየር የሞተሩን ዙር በተመሳሳይ ፍጥነት 7 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። ጩኸትና ንዝረት ይቀንሳል። ጉልበት ግን አይጨምርም፤ በንፋስና በዳገት የመጨረሻው ማርሽ አልገፋም ይላችኋል። ፍጥነቱን ከማርሹ በኩል የሚያነብ ሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ ቆጣሪው ይዛባል። ባለ 6 ማርሿን ሬብል 300 ባትነኳት ይሻላል።

የመጀመሪያው ጉዞ

እሑድ ጠዋት በማለዳ ውጡ። መጀመሪያ በሁለት መውጫዎች መካከል ብቻ፣ ከዚያ እስከ 20 ማይል። ሲለመድ በአይ-66 ፍሮንት ሮያል ሂዱና ስካይላይን ድራይቭን ያዙ፦ 105 ማይል ርዝመት፣ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል፣ ትንሽ ክሩዘር የተፈጠረችበት መንገድ። ሲመለሱ የደከመው ሀይዌዩን ትቶ በመንገድ ቁጥር 211 ወርዶ በ29 ይምጣ። አይ-95 እና አይ-495 ላይ ያሉት፣ መኪና የሚከፍልባቸው የቨርጂኒያ ኤክስፕረስ መስመሮች ለሞተር ሳይክል ነጻ ናቸው፣ ነጻ ነገር ደግሞ ማን ይጠላል፤ ግን እዚያ ሁሉም ስለሚሮጥና መውጫው ስለሚራራቅ ለጀማሪ አልመክርም።

ሰው ጭኖ ሀይዌይ በእነዚህ ላይ አይመከርም። በየቀኑ 40 ማይል በ70 መሄድ ያለበት ሰውም ቢቀይር ይሻለዋል፤ ሬብል 500 ባለ ሁለት ሲሊንደር 471 ሲሲ ናት፣ ቁመቷ ከ300ዋ ጋር አንድ ነው። 300ዋን የምትሸጡ ከሆነ መስታወቱንና ትራሱን ፍቱና አስቀሩ፤ ለ300 የሚሸጠው መስታወት ብዙውን ጊዜ በ500ዋ ላይም ይገጥማል።